በድምፅዎ የሚሮጡ ፈረሶች

ይድረስ እንጅባራ ለሚገኙት ለወንድሜ ለጋሼ ሰይፈ ገብርኤል።

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ከመስቀል ወዲህ ያለው ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? ቀኝ ጉልበትዎ ተሻለው ወይስ አሁንም ዕንቁን ተደግፈው ነው የሚወጡት? ዕንቁስ የማስተማሩ ሥራ እንዴት ይዟታል? እንዳሻው ወፍጮ ቤቱን እንደያዘ ነው? መከሩ ሳይበላሽ ገባላችሁ? ዳማው ፈረስዎ ያ ሳል ለቀቀው? ስለ ሁሉም እጠይቃለሁ፤ ስለ ሁሉም ደግ ወሬ እንድሰማ እመኛለሁ። ስለ ዓይንዎ ብቻ አልጠይቅም። ስለ ዓይንዎ እውነቱን ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እዚህ ፍራንክፈርት ሰፈሬ ኖርድቬስትሽታት እንዳለ ነው። የሕንፃችን አሳንሰር ከቆመ ሦስት ሳምንት ስለሆነው ስምንተኛ ፎቅ የምወጣው በእግሬ ነው። በየፎቁ ቆሜ ስተነፍስ የሚያናድደኝን ሰው አስባለሁ። ድሮ የማስበው የሕንፃውን ኃላፊ ነበር። ሰሞኑን ግን ከአንደኛው ፎቅ እስከ ስምንተኛው የማስበው እርስዎንና ልጄን ዳጊን ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ስደውል «ደግሞ ጀመረሽ» ብለው ይዘጉብኛል። ድምፄን ቀድቼ እንዳልልክም የተቀዳ ድምፅ የት የት እንደሚደርስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከታች እነግርዎታለሁ። ስለዚህ በእጄ ጻፍሁ። የምታመጣልዎት የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ አያልነሽ ናት፤ ባሕር ዳር ያሉ እናቷን ልትጠይቅ መጥታለች። የምታነብልዎ ዕንቁ ናት። ዕንቁ፣ አንቺም ስሚኝ፤ አባትሽን የሚያስቀይም ቃል ላይ ስትደርሺ እንዳታለሳልሺው። ቢቆጡም፣ ውጪ ቢሉሽም፣ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስቀምጥ። ግንቦት ላይ ባሕር ዳር ያለው ሐኪም ምን እንዳለዎ አይረሱትም። ግራው ዓይን አልቋል፤ ቀኙ ግን የዘንድሮ ጥር ሳይገባ ቢቀደድ ይተርፋል፤ ካለፈ ግን አላውቅም ነው ያለው። ይህን ስሰማ እዚህ ያለን ዘመዶች ተሰባሰብን። ሁሉም ከየደመወዙ ቆርሶ ለሕክምናዎ የሚበቃ ገንዘብ አዋጣ። መላኩን የተረከበው ዳጊ ነው። ስለ ባንክና ስለ ኢንተርኔት ከሁላችን ይልቅ ያውቃል ተብሎ፣ ከዚያም በላይ ለእርስዎ ካለው ፍቅር የተነሣ ማንም ሌላ ሰው አላሰበም። ቀኑ መስከረም ሃያ ተቆረጠ። መስከረም ሃያ አለፈ። ምነው ብዬ ስጠይቀው ዳጊ «ማሚ፣ ሐኪም ቤቱ ቴርሚኑን አስተላልፎታል» አለኝ። አመንሁት። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ማስተላለፉ እዚህም አገር ያለ ነገር ነው።

ጥቅምት ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአያልነሽ ጋር ቦከንሃይም ገበያ ወጥተን ነበር። ጉልበታችን ሲዝል ላይፕትሲገር ጎዳና አጠገብ ያለች አንዲት የሐበሻ ሻይ ቤት ገባን። ገና ስኳሩን ሳላማስል ከኋላዬ ካለው ጠረጴዛ ድምፅዎን ሰማሁ። እንደዚህ ነበር የሚለው፦ «ዳማይቱን ተዋት ልጄ፤ ሳትሮጥ አልቧታል። ቦራው ግን አረማመዱ የረጋ ነው። ልጓሙን እንዴት እንደሚያላምጥ ስማ። እሱን ያዝ።»

ጋሼ፣ የሞቱት አባታችን ድምፅ ቢሆን እንኳ እንዲህ አልደነግጥም ነበር። ዞር ብል አራት ወንዶች ጭንቅላታቸውን አንድ ስልክ ላይ ደፍተዋል። ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንዱ ታክሲ ነጂው ጉዲና ነው፣ ሌላው ሆቴል ውስጥ ምግብ የሚሠራው ኢማኑኤል ነው። ጉዲና «ዝም በሉ እንጂ፣ እንደገና ልስማው!» ብሎ ድምፅዎን ከመጀመሪያው አስጀመረው። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታና «ፈረንጆቹ ኮምፒውተር አላቸው፤ እኛ ጋሼ አሉን። እስቲ ኮምፒውተር ላብ ያያል?» አለ። ኢማኑኤልም «ያለፈው ሳምንቱ ግን አህያ ነበር የመረጡልን» ሲል ሳቁ። ጉዲና አልተበገረም። «ፈረሱ ምን አጠፋ? ያጠፋው ጋላቢው ነው። ኮርቻ ላይ ሳይሆን ሶፋ ላይ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው» አለው።

ተነሥቼ አጠገባቸው ቆምሁና የማን ድምፅ እንደሆነ ጠየቅሁ። ጉዲና «የጋሼ ነው፣ እትዬ» አለኝ። የየትኛው ጋሼ ስለው «የሁላችን ነዋ! እንጅባራ ናቸው፤ የዳጊ አጎት» አለ፣ አገር የሚያውቀውን ነገር የጠየቅሁት ያህል። የዳጊ እናት እንደሆንሁ፣ የእሳቸውም እህት እንደሆንሁ ነገርሁት። አራቱም ባንድ ጊዜ ብድግ ብለው ወንበር ሰጡኝ። ኢማኑኤል ስልኩን ገልብጦ በፊቱ ደፋው፤ ከስልኩ ሆድ ግን ድምፅዎ «እሱን ያዝ፣ እሱን ያዝ» ማለቱን አልተወም።

እዚህ ላይ ጨዋታው ምን እንደሆነ ልግለጽልዎ፤ ዳጊ አሳምሮ የነገረዎን ሳይሆን ያጣራሁትን። ዳጊ ልጅ ሳለ ኒደራድ በሚባለው ሰፈር የፈረስ መሮጫ ነበር። አንድ እሑድ ወስጄው አይተናል፤ ፈረሶቹ ሲያልፉ መሬቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። መሮጫው ከተዘጋ አሥር ዓመት ሆኖታል። በቦታው የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ትልቅ ሕንፃና ሜዳ ሠርቶበታል። ባለፈው ሳምንት በትራም ሄጄ በአጥሩ ዙሪያ ተራመድሁ። ሣር አለ፣ መስተዋት አለ፤ የፈረስ ዱካ ግን የለም። ለውድድር የሚሮጥ ፈረስ ከከተማው ወጥቷል፤ ውርርዱ ግን ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ፈረንሳይ ወይም እንግሊዝ አገር የሚሮጠውን ፈረስ ሰውዬው ማድ ቤቱ ተቀምጦ በስልኩ ያየዋል፤ በስልኩ ገንዘብ ያስይዝበታል፤ በስልኩ ይከስራል። ፈረሱን አልነካው፣ አላሸተተው፣ ባለቤቱን አያውቀው። አንዱ ሩጫ ሲያልቅ ሌላው በሌላ አገር ይጀምራል፤ ማቆሚያ የለውም።

በዚያው ቀን ማታ ሳይሆን ወዲያው፣ ከሻይ ቤቱ ቀጥታ፣ ፕሮይንገስሃይም ዳጊ ቤት ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጁ ቤዚ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን እንደመጣላት ነው። «ኦማ፣ ፓፓን አሁን አታናግሪው፤ ፌርደ እያየ ነው» አለችኝ። ኦማ አያቴ፣ ፌርደም ፈረሶች ማለቷ ነው። ለልጅቱ ይህ እንደ እራት ሰዓት የታወቀ የቤት ሕግ ሆኗል።

ዳጊ ማድ ቤት ነበር። ገንዘቡን ጠየቅሁት። መጀመሪያ የመለሰልኝ ስለ ገንዘቡ አይደለም። «ማሚ፣ ኤርላውብት ነው። የተፈቀደ ነው። ሌባ አይደለሁም» አለኝ። ገጹን አምጥቶ አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ መነጽሬን አድርጌ ሁሉንም አነበብሁት። ድርጅቱ ፈቃድ አለው። የፈቃዱ ቁጥር ተጽፏል። ግርጌው ላይ ቁማር ሱስ ሊሆን እንደሚችል በደቃቅ ፊደል ተጽፎ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ተቀምጧል። ሁሉም ነገር በሕግ ነው፤ የዓይንዎ መክፈያም የተበላው በሕግ ነው። አንድም ሰው አልሰረቀ፣ አንድም ሰው አልታሰረ። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው፤ የምከሰው ሰው እንኳ የለኝም።

ገንዘቡ እንደሌለ ከዚያ በኋላ ነገረኝ። በሐምሌ ጀምሮ በመስከረም ጨርሶታል። ለራሱ እንዳልሆነ ማለልኝ፤ አብዝቶት ለእርስዎ አዲስ አበባ ድረስ የተሻለ ሐኪም ሊያገኝልዎ ነበር። «የመረጡት እኮ ጋሼ ናቸው። ጋሼ በፈረስ ተሳስተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ጋሼ፣ ይህ የጀመረው የት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። በ2012 ጥር ሃያ ሦስት ለፈረሰኞቹ በዓል ዳጊን ሜዳው ላይ አጠገብዎ አቆሙት። ጉግሱ ሳይጀመር ወደ ፈረሶቹ ሄደው አንዱን ደረቱን ዳበሱት፣ ጆሮዎን ጎኑ ላይ ለጥፈው ትንፋሹን ሰሙ፣ ሰኮናውን አንሥተው አዩ፤ ከዚያ «ዛሬ የሚቀድም የለም ከዚህ» አሉት። እንዳሉትም ሆነ። ልጁ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ያልነገረው ሰው ፍራንክፈርት ውስጥ የለም። ነገር ግን ያን ቀን ማንም ምንም አላስያዘም ነበር። የተሸነፈው ጋላቢ ወርዶ የአሸናፊውን ፈረስ አንገት ሲያሻሽ ፎቶግራፍ አንሥቶ አምጥቶልኛል፤ አሁንም ግድግዳዬ ላይ አለ። ዳጊ ከዚያ ሜዳ ያመጣው እርስዎ ፈረስ ማወቅዎን ብቻ ነው። ፈረሱን መዳበስዎን፣ ማሽተትዎን፣ ጊዜ መውሰድዎን ረስቶታል። በስልኩ የሚያያቸውን ፈረሶች በሌላ ስልክ እየቀረጸ «ጋሼ፣ የቱ ነው?» ሲልዎት ደግሞ እርስዎም ረሱት።

እስከዚህ ድረስ የልጄ ጥፋት ነው፤ አሳዳጊው እኔ ነኝና የእኔም ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ነው።

በማግሥቱ ለዕንቁ ደወልሁ። መጀመሪያ ልትሸፋፍን ሞከረች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ከዚያ ነገረችኝ። ሐኪም ቤቱ ቀጠሮ አላስተላለፈም። መስከረም ሃያ ባሕር ዳር ሄዳችሁ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር አግዳሚ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ገንዘቡ ስላልገባ ተመልሳችኋል። እርስዎ ያኔውኑ ለዳጊ ደወሉ፤ እሱም አልቅሶ ነገረዎ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ለእኔ ቢልኩ በሳምንቱ ሌላ ቀን ይገኝ ነበር። እርስዎ ግን ዕንቁን «ልጁን እንዳታሳጪው» ብለው አፏን አስያዙ። ለእሱም «አይዞህ፣ እናስመልሰዋለን» አሉት።

እናስመልሰዋለን! ጋሼ፣ በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ደግ ቃል ያስቆጣኝ የለም። ልጁ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ሲጠራዎ ገመድ መወርወር ሲገባዎ አብረውት ገቡ። በእርስዎ ቤት ደግነት ነው። ዳጊ ግን ያን ቀን የሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ጥፋቱ ቅጣት እንደሌለው፣ አጎቱም እንዳልተቆጣ፣ መፍትሔው አንድ ተጨማሪ ፈረስ እንደሆነ ነው የሰማው። ከዚያ ወዲህ ደመወዙንም ጨምሮበታል።

ዕንቁ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ዕንቁ፣ እንዳታለሳልሺው ያልሁሽ ለዚህ ነው። ከነሐሴ ወዲህ ስልኩን አያዩትም አለች። ፈረሱ ዳማ ይሁን ቦራ፣ አልቦት ይሁን አላላበው፣ የምትነግርዎ እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ስለ ፈረስ የምታውቀው ከቤት የሰማችውን ያህል ነው። እርስዎ የሰኮናውን ድምፅ ያዳምጣሉ፣ ትንሽ ያስባሉ፣ ይፈርዳሉ። ለዳጊ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ አላይም» አላሉትም። ሜዳ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቅዎ ሰው ስለነበሩ፣ አሁን የሚጠይቅዎ እሱ ብቻ ስለቀረ፣ ይህን ቃል ማውጣት ከበደዎ። ይገባኛል። ስለገባኝ ግን ንዴቴ አልበረደም።

አንድ ቅዳሜ ዕንቁ ትምህርት ቤት ፈተና ላይ ስለነበረች ብቻዎን በድምፁ ብቻ መርጠዋል። «ሦስተኛው ነው፤ ረገጣው አይዛነፍም፣ እንደ ከበሮ እኩል ነው» ብለው ላኩ። ያ ፈረስ ቀደመ። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎዎት እንደነበር፣ ዳማውን አስጭነው እስከ ገበያው እንደሄዱ ዕንቁ ነግራኛለች። ያቺ አንዲት ማሸነፍ ናት ቦከንሃይም ያሉትን ሁሉ ያሰባሰበችብዎ። ጉዲና ያንን ድምፅዎን ለመንገደኛ ሳይቀር ያሰማል ይባላል።

እኔ ዳጊ ለእርስዎ የላከውን ያንን ቅጂ አስከፍቼ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከዚያ ማድ ቤቱን ዞር ብዬ አየሁ። ጋሼ፣ በቅጂው ላይ የፈረስ ድምፅ የለም። ፈረሶቹ ከመሮጣቸው በፊት ሣር ላይ ነው የሚዞሩት፤ በዚያ ላይ ዳጊ የስልኩን ድምፅ ዝም ያሰኘው ቤዚ እንዳትሰማ ብሎ ነው። ያ እንደ ከበሮ እኩል የሚረግጠው፣ የማይዛነፈው፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ነው ያለው። የቤዚን የትምህርት ቤት ልብስ እያጠበ ነበር።

ይህን ለዳጊ አሳየሁት። ማሽኑን ከፍቼ፣ ቅጂውን ከጎኑ አስነሥቼ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግን እኮ አሸነፈ» አለኝ። ያን ጊዜ በእኔ ቃል እንደማይድን አወቅሁ።

አሁን ወደሚደረገው ነገር። እዚህ አገር አንድ ቅጽ አለ፤ ሽፔረ ይሉታል፤ መዝጊያ ማለት ነው። አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ ከፈረመው ፈቃድ ያላቸው አጫዋቾች ሁሉ እንዳያስገቡት ይመዘገባል። ቅጹን አትሜ ለዳጊ ሰጠሁት። ስሙን ሞልቷል፣ የተወለደበትን ቀን ሞልቷል፤ ፊርማው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንድ የመጨረሻ ብቻ፤ ጋሼ ለታኅሣሥ የሚመርጡልኝ አለ» ይላል። ዘመድም ሊያመለክትበት ይችላል፤ እምቢ ካለ አደርገዋለሁ። ነገር ግን እኔ ብዘጋው ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ራሱ ከዘጋው ግን ተስፋ አለኝ። እንዳይፈርም የያዘው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ተራራ ላይ ሁሉን የሚያይ አጎት አለኝ ብሎ ማመኑ።

የሐኪም ቤቱን ክፍያ እኔ በቀጥታ ልኬያለሁ። ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ በማንም እጅ አላለፈም። ከየት አመጣሽው አይበሉኝ። አዲሱ ቀን ታኅሣሥ ዘጠኝ ነው። አያልነሽ እስከዚያ ባሕር ዳር ስለምትቆይ ከእርስዎና ከዕንቁ ጋር አብራ ትገባለች። ሐኪሙ አሁንም ጊዜ እንዳለ ለዕንቁ ነግሯታል፤ ትንሽ ጊዜ ነው፣ ግን አለ። እምቢ እንዳይሉኝ። «ከእኔ ዓይን በፊት የልጁ ዕዳ ይከፈል» የሚል ኩራት እንዳያመጡብኝ። ዓይንዎ የእርስዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት አልጨርስም ነበር።

ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዕንቁ ይህን አንብባ ሳታጥፈው፣ እዚያው በተቀመጡበት፣ ስልኩን ትክፈትልዎና ለዳጊ ይናገሩ። ምክር አልፈልግም፤ ተግሣጽም አልፈልግም፤ የፈረስ ምርጫ አይግባበት። እንደማያዩ ይንገሩት። ከነሐሴ ጀምሮ እንዳላዩ፣ ማጠቢያ ማሽኑን ፈረስ ብለው እንደመረጡለት፣ በራስዎ አፍ ይንገሩት። እንደሚያፍሩ አውቃለሁ። እሱም አፍሮ ነው ዓይንዎን ያስበላው፤ እርስዎም አፍረው ነው ያስጠፉት። አንዳችሁ ማቆም አለባችሁ፤ ታላቁ እርስዎ ነዎት።

ለዕንቁ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ስለተቆጣኋት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግማሹ ቁጣ የእሷ አልነበረም። ለእንዳሻው ሰላም በሉልኝ፤ የላኩለትን ወፍራም ካልሲ አያልነሽ ይዛለች። ለልጆቹ ደብተርና ቀለም አለ፤ እንዳይጣሉበት እኩል አድርጌዋለሁ። ለደብሩ አለቃና ለጎረቤቶቻችሁ ሁሉ እጅ ነሥቻለሁ በሉ። ዳማውንም አንገቱን ዳብሱልኝ፤ ጋሼ፣ እሱን ራስዎ ይዳብሱልኝ፤ እሱን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግዎትም።

ዳጊም ሰላም ብሎዎታል። ቅጹ ማድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፣ ያየዋል፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። የእርስዎን ድምፅ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ እኔም እየጠበቅሁ ነው። ሲደርሰው ለቦከንሃይሞቹ ማሰማቱ አይቀርም፤ ጉዲናም ጠረጴዛውን ለመምታት እጁን ያነሣል። ከዚህ በፊት የተናገሩትን ሁሉ ከዚያ ሻይ ቤት ለቃቅሜ ባጠፋው ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አንዱን ግን ለሰው ሁሉ ያሰሙት፤ አልከለክላቸውም።

የምትቆጣዎትና የምትወድዎት እህትዎ
የወርቅውሃ
ፍራንክፈርት አም ማይን፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.